ፕሪንተሩ የት ሄደ? የቢሮ ኮምፒውተር ቋሚ አይፒ አድራሻ እንዴት ይጠበቃል



የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ከግቢ ወደ ፒያሳ የወረደ ተማሪ ሁሉ «ትንሽ ጠብቅ፣ ፕሪንተሩ ኔትወርክ አልያዘም» መባልን ያውቀዋል። ፕሪንተሩ በርቷል። ወረቀትም ቀለምም አለው። ትላንት ማታ ስንት ገጽ ሲያወጣ አምሽቷል። ዛሬ ግን ኮምፒውተሩ «ኦፍላይን» ይለዋል። ይጠፋል፣ ይበራል፣ ገመዱ ይነቀላል፣ ይሰካል። የማስረከቢያው ሰዓት ደግሞ እየደረሰ ነው።

ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም፤ የተቀየረ ቁጥር ነው። ፕሪንተሩ ትላንት 192.168.0.103 ነበር፣ ዛሬ 192.168.0.107 ሆኗል። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም 103 ቁጥርን ያንኳኳል። እዚያ ወይ ማንም የለም፣ ወይ ደግሞ የአንድ ደንበኛ ስልክ ተቀምጧል። ስልክ ደግሞ «ይህን አትምልኝ» ቢሉት አይገባውም።

ከኛ መካከል ትምህርት ቤት ሲዘጋ በእሪ በከንቱ፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ ባሉ ትናንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ የሚያስተካክሉ ብዙ ናቸው። የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የሒሳብ ሠራተኛ ቢሮ፣ የጉዞ ወኪል፣ ክሊኒክ፣ ወርቅ ቤት፣ ሁሉም ከሦስት እስከ አሥር ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የካሜራ መቅጃና አንድ ራውተር አላቸው። የሚጠሩንም በአብዛኛው ለዚህ ችግር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለምን እንደሚቀየርና የት ቦታ መታሰር እንዳለበት እንይ። «የት ቦታ» የሚለው ላይ ቆም እላለሁ፤ ሥራው ዘላቂ የሚሆነው ወይም በሁለት ወር ውስጥ እንደገና የሚያስጠራው በዚያ ስለሆነ ነው።

እሪታው

እሪ በከንቱ ስሙን ያገኘው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስለሌለ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ኮምፒውተር ገመድ ወይም ዋይፋይ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እሪ ይላል። ገና አድራሻ ስለሌለው ለአንድ ሰው ለይቶ መናገር አይችልም፤ በኔትወርኩ ላይ ላለው ሁሉ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ይጮኻል። ራውተሩ ይሰማና «105 ቁጥር ክፍት ነው፣ ትወስዳለህ?» ይለዋል። ኮምፒውተሩ «እወስዳለሁ» ይላል። ራውተሩ «ያንተ ነው፣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ» ብሎ ይመዘግባል። አራት መልእክት ነው፣ በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ዛሬ የምንጠቀምበት መልኩ የወጣው በ1997 ነው።

የሚመልስለት ካጣ ኮምፒውተሩ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ካያችሁ ኮምፒውተሩን አትፍቱ፣ ዊንዶውስም እንደ አዲስ አትጫኑ። እሪታው በከንቱ ቀርቷል ማለት ነው፤ ገመዱን፣ ስዊቹንና ራውተሩን ፈትሹ።

ቀጥሎ ልብ የሚባለው «እስከዚህ ሰዓት ድረስ» የምትለዋ ናት። አድራሻው ስጦታ አይደለም፣ ኪራይ ነው። ኮምፒውተሩ የኪራዩ ጊዜ ግማሽ ላይ ሲደርስ «ይታደስልኝ» ይላል፣ ራውተሩም ያድስለታል። ሳይጠፋ የሚውል መሣሪያ በዚህ መንገድ ወራት ሙሉ አንድ ቁጥር ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሰው «እኛ ቢሮ እኮ ቁጥሩ ተቀይሮ አያውቅም» የሚለው ለዚህ ነው። እስኪቀየር ድረስ።

አሁን የአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አርብ ቀን አስቡ። ራውተሩ ቲፒ ሊንክ ነው። በብዙዎቹ ላይ የኪራዩ ጊዜ ከፋብሪካው 120 ደቂቃ ተብሎ ይመጣል። ባለቤቱ ለጁምዓ ሲወጣ ትልቁን ፕሪንተር ያጠፋዋል። ፕሪንተሩ በየ60 ደቂቃው ሲያድስ ስለነበር በእጁ የቀረው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ሰዓት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው። ቤቱ ግን አልተዘጋም፣ ታናሽ ወንድሙ አለ፣ ደንበኞች ይገባሉ፣ «የዋይፋይ ፓስወርድ ስንት ነው?» ይላሉ። ኪራዩ ያለቀውን ቁጥር ራውተሩ ለሚቀጥለው ስልክ ሊሰጠው ይችላል። ባለቤቱ ሲመለስ ፕሪንተሩን ያበራል። ፕሪንተሩም የድሮ ቁጥሩን ይጠይቃል፣ «ተይዟል» ይባላል፣ ሌላ ይወስዳል። ኮምፒውተሮቹ ላይ ግን ፕሪንተሩ የተመዘገበው በቁጥሩ ነበር።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ርካሽ ራውተሮች ማን ምን ቁጥር እንደያዘ የሚጽፉት መብራት ሲጠፋ በሚሰረዝ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት ሲመጣ መዝገቡ ባዶ ነው። ላፕቶፖችና ስልኮች ባትሪ ስላላቸው ቀድመው ይደርሳሉ፤ ፕሪንተሩ ሞቆ እስኪነሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። በቀን ሁለት ጊዜ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም እናንተው ገምቱ።

ሁለቱ መንገዶች

ቁጥሩን ለማሰር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በራሱ በኮምፒውተሩ ወይም በፕሪንተሩ ላይ ገብቶ «አንተ 192.168.0.103 ነህ» ብሎ በእጅ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ራውተሩ ላይ ገብቶ «ይህ መሣሪያ በመጣ ቁጥር 103ን ስጠው፣ ለሌላ እንዳትሰጥ» ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፣ ፈጣን ስለሆነ። እኔ የማምነው በሁለተኛው ነው።

መድረሳ የተማራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ መቀመጫው ላይ ስሙን በምስማር ቢፈቀፍቅ መቀመጫው የሱ አይሆንም። ባረፈደ ቀን አዲስ ልጅ ሲመጣ ኡስታዙ እዚያ ያስቀምጡታል፣ ከዚያ ሁለቱ ይገፋፋሉ። ኡስታዙ ራሳቸው «ይህ የእገሌ ቦታ ነው» ብለው ከያዙለት ግን ልጁ ሳምንት ቢቀርም ማንም አይቀመጥበትም። ቦታ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸውና።

በእጅ የተጻፈ አድራሻ በምስማር እንደተፈቀፈቀው ስም ነው። ራውተሩ አያውቀውም። 103 እሱ ከሚያከራያቸው ቁጥሮች መካከል ከሆነ አንድ ቀን ለሌላ ይሰጠዋል፣ ሁለት መሣሪያ አንድ ቁጥር ይዘው ይቆማሉ። ይህ ከቁጥር መቀየርም የከፋ ነው። ፕሪንተሩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፣ እናንተ ስትደርሱ ይሠራል፣ ስትወጡ ይቆማል። ዊንዶውስ አንዳንድ ጊዜ «የአድራሻ ግጭት አለ» ብሎ ይናገራል፤ ፕሪንተርና ካሜራ ግን በአብዛኛው ዝም ነው።

የካሜራ መቅጃና የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ ማሽን ሲገባ ነገሩ ይብሳል፤ እነዚህ ከፋብሪካ ቁጥር ተጽፎባቸው ነው የሚመጡት። ዜድኬቴኮ የሚባለው የአሻራ ማሽን 192.168.1.201 ይዞ ይመጣል። የዳሁዋ ካሜራ 192.168.1.108፣ የሂክቪዥን ደግሞ 192.168.1.64። የቢሮው ራውተር በ192.168.0 ወይም በ192.168.100 የሚጀምር ቁጥር የሚያድል ከሆነ ማሽኑ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከኮምፒውተሩ ጋር አይተያዩም፤ ሰውም «ዕቃው ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ» ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ራውተሩ በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ 108 እና 201 ከሚታደሉት ቁጥሮች መካከል ሊወድቁ ይችላሉ፣ ግጭቱ ይጀምራል።

ራውተሩ ላይ ማሰር

ራውተሩ መሣሪያን የሚለየው በማክ አድራሻው ነው። ይህ እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ባለ 12 ፊደል መለያ ነው፤ ከ0 እስከ 9 ባሉ አሃዞችና በስድስት የላቲን ፊደላት ይጻፋል። ፕሪንተር ላይ ከጀርባው ባለው ተለጣፊ ወይም የኔትወርክ ገጹን በማሳተም ይገኛል። ዊንዶውስ ላይ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ «ፊዚካል አድረስ» በሚለው መስመር ይታያል። ላፕቶፕ ሁለት እንዳለው አትርሱ፣ አንዱ የገመዱ፣ ሌላው የዋይፋዩ። የዋይፋዩን አስራችሁ ገመድ ብትሰኩ የታሰረው ቁጥር አይመጣም። ስልክ ላይ ደግሞ ባትደክሙ ይሻላል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይፎኑ አይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የራሳቸውን ማክ ፈጥረው ነው የሚቀርቡት። ስልክ ቋሚ ቁጥር አያስፈልገውም፤ የሚፈለግ ሳይሆን ፈላጊ ነው።

ከዚያ ብሮውዘር ከፍታችሁ የራውተሩን ቁጥር ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው፣ በብዙዎቹ የሁዋዌ ፋይበር ሞደሞች ላይ 192.168.100.1። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ኮምፒውተሩ «ጌትዌይ» ብሎ የያዘውን ተመልከቱ። ዲኤችሲፒ የሚለውን ክፍል ክፈቱ። እዚያ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የሚታደሉት ቁጥሮች ክልል ነው፤ በብዙ የቲፒ ሊንክ ራውተሮች ከ100 እስከ 199 ይሆናል። ሌላው «አድረስ ሪዘርቬሽን» ወይም «ስታቲክ ዲኤችሲፒ» ይባላል። ማኩን ጻፉ፣ የምትፈልጉትን ቁጥር ጻፉ፣ አስቀምጡ፣ መሣሪያውን አጥፍታችሁ አብሩ። አለቀ። መሣሪያው ራሱ ላይ ምንም አይነካም፣ እንደ ድሮው እሪ ይላል፣ ራውተሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሞደሙ ፓስወርድ ጠፋ ብላችሁ «ሪሴት» የምትለዋን ቀዳዳ በመርፌ እንዳትወጉ። ከቴሌ የመጣው የመስመሩ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ፕሪንተሩን ልታስተካክሉ ገብታችሁ የቢሮውን ኢንተርኔት ቆርጣችሁ ትወጣላችሁ።

ራውተሩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ፣ ወይም ፓስወርዱን ማንም የማያውቅ ከሆነ፣ በእጅ መጻፍ ግድ ይሆናል። ያኔ ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን። ክልሉ ከ100 እስከ 199 ከሆነ ለፕሪንተሩ 20፣ ለሒሳብ ኮምፒውተሩ 10 ስጡት። በእጅ ስትጽፉ አራት ነገር ነው የሚሞላው፦ አድራሻው፣ ሰብኔት ማስኩ (በእነዚህ ትናንሽ ቢሮዎች 255.255.255.0)፣ ጌትዌዩና ዲኤንኤሱ። ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው። ዲኤንኤስ የሌለው ኮምፒውተር ያትማል፣ ፋይል ይከፍታል፣ ድረ ገጽ ግን አይከፍትም። ባለቤቱም «ከነካካኸው በኋላ ኢንተርኔት ጠፋ» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ፒችትሪ ያለበት ቢሮ

ከፕሪንተሩ ይልቅ ገንዘብ የሚያስከፍለው የሒሳቡ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም እኛ ጋ አሁንም ፒችትሪ ነው። በትናንሽ ቢሮዎች ዳታው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ በኔትወርክ ድራይቭ ይከፍቱታል። ድራይቩ በቁጥር ተያይዞ ቁጥሩ ከተቀየረ የወር መጨረሻ ላይ፣ ግብር ሊታወጅ ሰዓታት ሲቀሩ፣ ዳታው «ጠፋ» ይባላል። አልጠፋም። ግን የደነገጠ ሰው አሮጌ ቅጂ ከፍላሽ አምጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለት የተለያየ መዝገብ ይወጣል። ያን ማስታረቅ የሳምንት ሥራ ነው።

«ለምን በኮምፒውተሩ ስም አናያይዘውም?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሁሉም ዊንዶውስ በሆነበት ቢሮ በደንብ ይሠራል። ግን ፕሪንተሩ፣ የአሻራ ማሽኑና የካሜራ መቅጃው አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ነው የሚፈለጉት። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፦ ቁጥሩን ራውተሩ ላይ አስራለሁ፣ ድራይቩን በስም አያይዛለሁ።

ቢሮው ሲዛወር

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ትናንሽ ቢሮዎችና ሱቆች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ሰው ስለ ደንበኛ መራቅና ስለ ኪራይ ሲጨነቅ ስለ አይፒ አድራሻ የሚያስብ የለም። በአዲሱ ቤት አዲስ መስመር፣ አዲስ ሞደም ይገባል። የድሮው በ192.168.1 ይጀምር ነበር፣ አዲሱ በ192.168.100። በእጅ የተጻፈባቸው ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮችና ካሜራዎች ሁሉ የፈረሰውን ሰፈር የቤት ቁጥር ይዘው ቀሩ። እያንዳንዱ ጋ ሄዶ፣ የፕሪንተሩን ትንሽ መስኮት እየተጫኑ መቀየር ያስፈልጋል። ራውተር ላይ ታስሮ ቢሆን ኖሮ የድሮውን ራውተር ይዞ ከአዲሱ ሞደም ጀርባ መሰካት፣ ወይም አዲሱ ላይ አምስት መስመር መጻፍ ይበቃ ነበር።

ለዚህም ነው ወረቀት የሚያስፈልገው። አንድ ገጽ፦ የመሣሪያው ስም፣ ማኩ፣ ቁጥሩ፣ የት እንደተቀመጠ። ራውተሩ ሲቃጠልም (በመብራት መዋዠቅ ይቃጠላል) የሚተካው ከዚህ ገጽ ነው። የራውተሩን ፓስወርድ ቀይራችሁ ከሆነም እዚያው ጽፋችሁ ለባለቤቱ በእጁ ስጡ። በስልካችሁ ብቻ ይዛችሁ መውጣት፣ «እኔን ካልጠሩ አይሠራም» እንዲሆን ማድረግ፣ በአማና ላይ የሚደረግ ጨዋታ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ሥራ ዋስትና ያየዋል።

ግቢ ውስጥም እንዲሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ኢንተርኔት ፈጠን ይልልኛል ብሎ ቁጥር በእጅ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። ያ ቁጥር የሰርቨር ወይም የፕሪንተር ሊሆን ይችላል፣ የሌላ ሰው ሐቅ ነው። ኢንተርኔቱም አይፈጥንም።

የውስጡና የውጭው

ባለቤቶች «ቋሚ አይፒ» ሲሉ አንዳንዴ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው፤ ካሜራውን ከቤት ሆነው ማየት ይፈልጋሉ። እስካሁን ያልነው የውስጥ ቁጥር ነው። በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች በ1994 እ.ኤ.አ. ለግል ኔትወርኮች የተመደቡ ናቸው፤ በእሪ በከንቱ ያለው 192.168.0.103 በደሴም፣ በኢስታንቡልም አለ፣ አይጋጩም፣ ከቤታቸው ስለማይወጡ። ዓለም አቀፉ አድራሻ በ32 ቢት የሚጻፍ ስለሆነ በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ማዕከላዊው ክምችት በ2011 አልቋል። ስለዚህ ከውጭ የሚታይ ቋሚ ቁጥር ከመስመር አቅራቢው ለብቻው የሚጠየቅና የሚከፈልበት ነው። የዛሬ የካሜራ መቅጃዎች አብዛኞቹ በአምራቹ አፕ በኩል ስለሚታዩ ለካሜራ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን አታስወጧቸው።

ውጫዊ ቁጥር ካላቸውም የፋይል ማጋሪያውን ወደ ውጭ አትክፈቱ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የሆስፒታሎችንና የኩባንያዎችን ፋይል የቆለፈው በዚሁ በዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ በር በኩል እየገባ ነበር።

ሥራውን ጨርሳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ፈትኑት። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ የተከፈተ ፋይል ሁሉ ተቀምጦ፣ ኮምፒውተሮቹ በሥርዓት ተዘግተው፣ የቢሮውን ብሬከር አውርዱት። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መልሳችሁ ስታነሱት ሆን ብላችሁ ስልኮችና ላፕቶፖች ቀድመው ይግቡ፣ ፕሪንተሩ መጨረሻ ይነሳ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ አንድ ገጽ አሳትሙ፣ የሒሳቡን ድራይቭ ክፈቱ፣ ካሜራውን እዩ፣ ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ወረቀቱን ራውተሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ ፓስወርዱ ያለበትን ግን ለባለቤቱ በፖስታ።